ኢስታንቡል ላይ አልጋ ሲይዙ፦ የጋራ ሻወር፣ ሆስቴል፣ የላለሊ ሆቴል ወይስ አፓርታማ?

ለንግድም ሆነ ለሕክምና፣ ወይም በትራንዚት መሐል ሁለት ሦስት ቀን ለማረፍ ኢስታንቡል የሚገባ ሰው አልጋ ሲፈልግ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የአዳሩ ዋጋ ላይ ነው። ረከስ ብለው የሚታዩት ብዙውን ጊዜ መታጠቢያቸው የጋራ የሆነ ትንንሽ ፔንሲዮኖች ናቸው። አንዳንዱ ዋጋውን ብቻ አይቶ ይይዝና ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ኮሪደር ላይ ተራ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ «የጋራ» የሚለውን ሲያይ ያልፈውና ለማይጠቀምበት ምቾት ብዙ ይከፍላል። የጋራ ሻወር ያለው ማረፊያ ምቹ ይሁን አስቸጋሪ የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ አንዱን ሻወር ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ውሃውንስ የሚያሞቀው ምንድን ነው? ለሁለቱ መልስ ካገኙ ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ማወዳደሩ ቀላል ነው።

ምርጫዎቹና ሰፈሮቹ

ፔንሲዮን ወይም ገስት ሃውስ ሲባል ክፍሉና ቁልፉ የራስዎ፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ ኮሪደር ላይ ማለት ነው። ከሱልጣንአህመት አደባባይ ወደ ማርማራ ባሕር ቁልቁል ሲወርዱ ያለው የጃንኩርታራን ሰፈር በትንንሽ ማረፊያዎች የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች አሮጌና ጠባብ ናቸው፤ የውሃና የፍሳሽ ቱቦው በአንድ ጥግ በኩል ብቻ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በዚያ ላይ የኢስታንቡል ታሪካዊ ሰፈሮች እ.ኤ.አ. በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለገቡ አሮጌ ቤት መነካካት ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለየክፍሉ መታጠቢያ ከመሥራት ይልቅ በየፎቁ አንድ ሁለት ሠርተው ያጋራሉ። በዚሁ ምክንያት ሊፍት የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ደረጃውም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ሻንጣ ለሚበዛበት ሰው ከሻወሩ ይልቅ ደረጃው ያሳስበዋል።

ሆስቴል ላይ የሚከራዩት አልጋ ነው፤ ክፍሉን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ይጋራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 አልጋ ያለው ሲሆን ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል ያላቸውም አሉ። ሱልጣንአህመት አካባቢና ወርቃማው ቀንድ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ማዶ ጋላታ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ለብቻው የሚጓዝ፣ እንቅልፉ የማይቀልና ትንሽ ሻንጣ የያዘ ሰው ይጠቀምባቸዋል።

ላለሊና አክሳራይ የነጋዴ ሰፈር ናቸው። እዚያ ያሉት መካከለኛ ሆቴሎች በአብዛኛው ክፍላቸው የራሱ ሻወር ያለው፣ ሊፍትና ሌሊቱን ሙሉ ሪሴፕሽን ያላቸው፣ በቅርብ ርቀት ደግሞ የካርጎ ቢሮ የሞላባቸው ናቸው። ጉዳታቸው ጫጫታው ነው፤ ዕቃ የሚጭኑ መኪኖች እስከ ማታ አይለቁም።

አራተኛው በቀን የሚከራይ አፓርታማ ነው። ለአራትና ለአምስት ሰው ሲከፋፈል ዋጋው ደህና ነው፤ ኩሽናም አለው። ነገር ግን ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአጭር ጊዜ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ እስከ 100 ቀን ለቱሪስት የሚከራይ ቤት ከቱርክ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ማውጣትና ምልክቱን በሩ ላይ መለጠፍ ግዴታው ነው። ፈቃድ ለማግኘት የሕንፃው ነዋሪ ባለቤቶች ስምምነት ስለሚያስፈልግ ብዙ ቤት ያለ ፈቃድ ይከራያል። አከራዩ «ጎረቤት ከጠየቀህ ዘመዴ ነው በል» ካለዎት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ገብቶዎታል፤ ይተውት።

በእነዚህ መሐል ብዙ ሰው የማያስተውለው አምስተኛ ምርጫ አለ። የማስያዣ ድረ ገጾች ላይ መታጠቢያው «የግል ነገር ግን ከክፍሉ ውጭ» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ይህ ማለት ኮሪደር ላይ ያለው አንድ መታጠቢያ ለእርስዎ ክፍል ብቻ ቁልፍ አለው ማለት ነው። ከጋራው በትንሽ ገንዘብ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሳያመነቱ ይያዙት። የሚከፍሉት ዋጋ በሌሊት ጥቂት እርምጃ መሄድ ብቻ ነው።

አንዱ ሻወር ለስንት ሰው?

ሰው ሁሉ መታጠብ የሚፈልገው ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። (ቱርክ ዓመቱን ሙሉ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ሰዓት ስለምትጠቀም ሰዓትዎን መቀየር አያስፈልግም፤ እነሱ 14:00 ሲሉ በእኛ 8 ሰዓት ማለት ነው።) አንድ ሰው ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ እስኪወጣ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ 8 ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሻወር አራት ባለ ሁለት ሰው ክፍል የመጨረሻው ጣራ ነው። ሦስት ክፍል ከሆነ ተራ መጠበቅ እምብዛም አያጋጥምም። ስድስት ክፍል ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ በየቀኑ ይሰለፋሉ።

ሽንት ቤቱና ሻወሩ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው ወይስ ለየብቻ የሚለው ከቁጥሩ ያላነሰ ይወስናል። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ መጋረጃ እንኳ የሌለው ሻወር ከመቀመጫው ጎን ይሰቀላል። አንድ ሰው 15 ደቂቃ ሲታጠብ ሽንት ቤቱም አብሮ ይዘጋል፤ እሱ ሲወጣ ደግሞ ወለሉም መቀመጫውም ወረቀቱም ርሷል። ለስድስት ክፍል ሁለት ሻወርና ለብቻው የተሠራ አንድ ሽንት ቤት ያለው ቤት፣ ሁለቱን ያጣመረ ሦስት መታጠቢያ ካለው ቤት ይሻላል። ፎቶ ሲያዩ ይህንን ይፈልጉ። ክፍሉ ውስጥ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ከተገኘ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥርስ መፋቅ፣ ፊት መታጠብና ጺም መላጨት ከኮሪደሩ ሰልፍ ይወጣሉ። ዉዱ ለሚያደርግም እንዲሁ።

ሙቅ ውሃው ከየት ነው?

«ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። መጠየቅ ያለበት ማሞቂያው ነው።

ኤሌክትሪክ ቦይለር ከሆነ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይወቁ። 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን 60 ዲግሪ አድርሶ ቢጠብቅ፣ በክረምት 10 ዲግሪ ከሚሆነው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚሆን 80 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ተራ ሻወር በደቂቃ 8 ወይም 9 ሊትር ያፈሳል። እንግዲህ አሥር ደቂቃ ነው፤ ሁለት ሰው እየቸኮለ ታጠበበት ማለት ነው። ከዚያ 2 ኪሎ ዋት የሆነው ማሞቂያ መልሶ እስኪያሞቀው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሦስተኛው ሰው በቀዝቃዛ የሚታጠበው ቦይለሩ ስለተበላሸ አይደለም፤ ስላነሰ ነው። ለአራት ክፍል ቢያንስ 80 ሊትር የሚይዝ መሆን አለበት፤ እሱም ሰው ጠዋትና ማታ ተከፋፍሎ ከታጠበ ነው።

ኮምቢ የሚሉት በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሞቂያ ነው። ውሃው እያለፈ ስለሚሞቅ አያልቅም፤ ራዲያተሮቹንም የሚያሞቀው እሱ ነው። ጉድለቱ ሁለት ሻወር በአንድ ጊዜ ሲከፈት የሁለቱም ሙቀት ወይም ግፊት መውረዱ ነው። እየታጠቡ ድንገት ከቀዘቀዘ ሌላ ፎቅ ላይ ሰው ከፍቷል ማለት ነው፤ ቧንቧውን ወዲያ ወዲህ ከማዞር ጥቂት መጠበቅ ይሻላል።

ሦስተኛው ሾፍቤን ይባላል። እሳት እየነደደበት ውሃ የሚያሞቅ የጋዝ መሣሪያ ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ገላዎን በሚታጠቡበት ቦታ ተሰቅሎ ካዩት ክፍሉን አይውሰዱ። የጭስ ማውጫው በደንብ ካልሳበና መስኮቱ ዝግ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር ሲጀምር ሰውየው በሙቀቱ የደከመ ይመስለዋል። ቱርክ ውስጥ በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። አፓርታማም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። በዚህ ላይ መደራደር የለም።

ገንዘቡን ሲያሰሉ

የሊራ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብዙ ማረፊያ ዋጋውን በዩሮ ነው የሚለጥፈው። ለማሳያ ያህል የሆስቴል አልጋ 15፣ የጋራ ሻወር ያለው ባለ ሁለት ሰው ክፍል 26፣ የራሱ ሻወር ያለው ክፍል 38 ዩሮ ነው እንበል። ለብቻ ለሚጓዝ ሆስቴል ይረክሳል። ሁለት ሆነው ከሄዱ ግን ሁለት አልጋ 30 ይሆናል፤ በ26 የሚቆለፍ ክፍል እያለ ሆስቴል መግባት ትርጉም የለውም። ባልና ሚስት፣ እህትማማቾች ወይም አብረው የሚነግዱ ጓደኛሞች ከጋራ ሻወር ፔንሲዮን በብዛት የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ሦስት ሲሆኑ የላለሊ ባለ ሦስት አልጋ ክፍል ይቀርባል፤ አራትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ፈቃድ ያለውን አፓርታማ ያወዳድሩ።

ከተለጠፈው ዋጋ ላይ የሚጨመሩትንም ይያዙ። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 2 በመቶ የማደሪያ ግብር አለ፤ አንዳንዱ ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ ሲወጡ ይጠይቃል። ፎጣ ሆስቴል ላይ በክፍያ ሊሆን ይችላል። ዕቃ የሚገዛ ሰው ማረፊያው ሱልጣንአህመት፣ ገበያው ላለሊ ከሆነ የትራንስፖርት ወጪም አለበት። በቲ1 ትራም ከሱልጣንአህመት በቸምበርሊታሽና በቤያዚት አልፎ ላለሊ ሦስተኛው ፌርማታ ነው፤ ባዶ እጅ ላለ ሰው ምንም አይደለም። ማታ በልብስ የተሞላ ካርቶን ይዞ ግን ትራሙ ውስጥ መጋፋት፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ሻንጣ በላይ ለሚገዛ ነጋዴ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ላለሊ ይደሩ፣ ልዩነቱን ይክፈሉ።

ቁርስ «ተካቷል» ሲባል ለጾመኛ ሂሳቡ ይለያል። የቱርክ ቁርስ አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ይበዛበታል። በጾም ቀን የሚቀርልዎ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ማርማላታና ሻይ ነው። እሱም አይናቅም፤ ነገር ግን በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ ከሄዱ ለቁርስ ተብሎ የተጨመረውን ዋጋ ከመክፈል ኩሽና ያለው ሆስቴል ወይም አፓርታማ ይሻላል። ምስርና ሽምብራ በየሱቁ ይገኛል።

ከመያዝዎ በፊት

ቦታውን አገር ቤት ሳሉ ይያዙ። ከ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) የፍርድ ቤት እገዳ ወዲህ ቡኪንግ ዶት ኮም ቱርክ ከገቡ በኋላ የቱርክን ማረፊያዎች አላስይዝ ሊል ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አዳሮች ብቻ፣ ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ዋጋ ይያዙ፤ ቤቱ ከተስማማዎት የቀሩትን ቀናት እዚያው ሪሴፕሽን ላይ ተነጋግረው ያራዝማሉ፤ ዋጋም ሊቀንሱልዎ ይችላሉ።

ከዚያ በመልእክት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ የእኔን ሻወር ስንት ክፍሎች ይጠቀሙበታል? ሽንት ቤቱ ከሻወሩ ተለይቷል? ማሞቂያው ምንድን ነው፣ የት ተሰቅሏል? ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ መታጠቢያውስ እዚያው ፎቅ ላይ ነው? ለወንድና ለሴት የተለየ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይጸዳል? ሌሊት ብደርስ በር የሚከፍት ሰው አለ? ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለሚሄድ ሰው አንድ ተጨማሪ አለ፦ ኮሪደሩ ይሞቃል? በጥር ሌሊት ወደ 3 ዲግሪ በሚወርድ ከተማ ከገላ መታጠቢያ ወጥቶ በቀዝቃዛ ኮሪደር መሄድ ጉንፋን መሸመት ነው። ጋቢ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ቢይዝም አይጥሉት።

መልሱ ቁጥር ከሌለው፣ «አትጨነቁ፣ በጣም ንጹሕ ነው» ብቻ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። የእንግዶችን አስተያየት ሲያነቡም አማካዩን ነጥብ ትተው በክረምት የተጻፉትን ይምረጡ፤ የሙቅ ውሃ ጉድለት በሐምሌ አይታይም።

ሲደርሱ፣ ሳይከፍሉ

ፓስፖርት ይጠይቁዎታል፤ ማረፊያዎች የእንግዳን ማንነት ለፖሊስ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። አይተው፣ መዝግበው ወይም ኮፒ አድርገው ይመልሱልዎ፤ እነሱ ጋ አያሳድሩት። ጨርሶ ያልጠየቀዎት ቤት ያልተመዘገበ ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት መታጠቢያውን ልይ ይበሉ። ነውር አይደለም፤ የለመዱት ነው። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ይጠብቁ፤ ሁለት ደቂቃ አልፎ ካልሞቀ ወይ ማሞቂያው ጠፍቷል ወይ ሩቅ ነው። ውሃው ወለሉ ላይ ወደ ቀዳዳው መሄዱን ይዩ፤ ከተጠራቀመ ፀጉር ዘግቶታል፣ ማታ ውሃው ኮሪደር ይገባል። በሩ ከውስጥ መቆለፉን በእጅዎ ይሞክሩ። መስኮት ወይም አየር ማውጫ ከሌለው ጣሪያው ላይ ጥቁር ሻጋታ ይኖራል። የልብስ መስቀያ መኖሩንም አይርሱ፤ ከሌለ ደረቅ ልብስ ይዞ መግባት አይቻልም።

የፍሳሽ ሽታ ሁልጊዜ የቆሻሻ ምልክት አይደለም። ወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሥር የሚቆም ውሃ አለ፤ ሽታ እንዳይወጣ የሚያግደው እሱ ነው። መታጠቢያውን ለቀናት ካልተጠቀሙበት ይህ ውሃ ይደርቃል። አንድ ሁለት ሊትር ውሃ አፍስሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሱ፤ ሽታው ከጠፋ ችግር የለም፣ ካልጠፋ ቱቦው ነው።

መጠቀሙን በተመለከተ ጥቂት ነገር ይበቃል። አሮጌ ሰፈር ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት የሚጣለው ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ቀጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። መቀመጫው ከኋላ በኩል ትንሽ የውሃ ቱቦ አለው፤ መክፈቻው ከጎን ግድግዳው ላይ ነው፤ በቀስታ ካልከፈቱት ልብስ ያርሳል። በሩ ላይ «ባይ» የወንድ፣ «ባያን» የሴት ነው። «ሲጃክ ሱ ዮክ» ካሉ ሙቅ ውሃ የለም ማለታቸው ነው። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማና የሚንጠለጠል የዕቃ ቦርሳ ይያዙ፤ ሳሙናና ሻምፑ እዚያ ትቶ መውጣት ለሌላው መስጠት ነው። ሲጨርሱ ፀጉርዎን ከቀዳዳው ላይ አንሥተው፣ ማዕዘን ላይ በቆመው ባለ ላስቲክ መጥረጊያ ውሃውን ገፍተው ይውጡ። ልብስ እዚያ አይጠቡ፤ አክሳራይ አካባቢ በኪሎ የሚያጥቡ ቤቶች አሉ።

የማይሆንላቸው

ሕክምና ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና የወጣ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሳ የስኳር ወይም የፕሮስቴት ሕመምተኛ፣ ደረጃ የሚከብዳቸው እናትና አባት፣ ትንሽ ልጅ የያዘ ቤተሰብ፦ ለእነዚህ የጋራ ሻወር አይመከርም፤ የተረፈው ገንዘብ ድካሙን አይከፍለውም። ምግብ ሆድዎን በቀላሉ የሚያውክዎ ከሆነም እንዲሁ። በተቀረ ሁለት ሆነው፣ ቀለል ያለ ሻንጣ ይዘው፣ ለሦስት አራት ቀን ለሚሄዱ ሰዎች ለአንድ ሻወር ሦስት ክፍልና ኮምቢ ያለውን ፔንሲዮን የሚበልጥ አማራጭ በዚያ ዋጋ የለም።

ያሉት ነገር ሳይሆን ሌላ ሆኖ ካገኙት ወዲያውኑ ፎቶ አንሥተው በያዙበት ገጽ በኩል በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ገንዘብ ለማስመለስ ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ ሌላ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይጠይቁ፤ የማሞቂያው ችግር ብዙ ጊዜ የአንድ ፎቅ ብቻ ነው። ካልሆነ አንዷን አዳር ከፍለው ጠዋት ወደ ላለሊ ይሻገሩ። ሆቴሉ በዝቶ ተቀራርቦ ስላለ ሻንጣዎን አንድ ቦታ አስቀምጠው ሦስት አራቱን ገብተው ክፍሉን አይተው መምረጥ ይቻላል።